“ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም” የሚል የጤና ባለሙያ በአሜሪካ ሕግ ምን ከለላ አለው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ሆስፒታሎች፣ ነርሲንግ ሆሞችና ፋርማሲዎች የሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው። ከነዚህ አንዱ “ይህን ሥራ እምነቴ አይፈቅድልኝም” ሲል ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል፦ “ዝም በል፣ ያባርሩሃል” እና “ነጻ አገር ነው፣ ማንም አያስገድድህም”። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ፌዴራል ሕጉንና አበሻ የሚበዛባቸውን አንዳንድ ስቴቶች ይመለከታሉ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕሊናዬ ያልፈቀደውን ሕክምና አልሠራም ማለት እችላለሁ?

ለአንዳንዱ ሥራ አዎ፤ ለሁሉም አይደለም። ፌዴራል ሕጉ “የጤና ባለሙያ ያላመነበትን ሁሉ ይተው” የሚል አንድ ጠቅላላ ድንጋጌ የለውም። ያለው ከ1973 ወዲህ አንድ በአንድ የተጨማመሩ አንቀጾች ናቸው። እያንዳንዱ ስለ የትኛው ድርጊት እንደሚናገር፣ የትኛውን መሥሪያ ቤት እንደሚያስገድድና በየትኛው የመንግሥት ገንዘብ ላይ እንደተንጠለጠለ ይለያያል። በስም ተጠርተው ጠንካራ ከለላ ያገኙት በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ፅንስ ማቋረጥ፣ ማምከን (ቱቦ ማስቋጠርን ጨምሮ) እና በሽተኛ በራሱ ፈቃድ ሕይወቱን እንዲያሳጥር መርዳት። ከነዚህ ውጪ ላለው ጥያቄ መሄጃው በአብዛኛው የሥራ ሕጉ ነው። እሱም አሠሪው እንዲያመቻች እንጂ ሠራተኛው እንዳሻው እንዲተው አይልም።

ከሁሉ በፊት ይህን ይለዩ፤ ሕጉ የሚከልለው ከአንድ የታወቀ ድርጊት መራቅን ነው፣ ከሰው መራቅን አይደለም። በፅንስ ማቋረጡ አልሳተፍም ያለች ነርስ ከለላ አላት። ከሦስት ቀን በፊት ፅንስ ያቋረጠች ሴት በትኩሳት ስትመጣ ሙቀቷን አልለካም ያለች ነርስ ግን የላትም።

ሕጎቹ የትኞቹ ናቸው?

ቀዳሚው በ1973 የወጣው “የቸርች ማሻሻያ” ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ያመነጨው የአይዳሆው ሴናተር ፍራንክ ቸርች ስለነበር ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ ፈቅዶ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም በሞንታና አንድ የካቶሊክ ሆስፒታል ቱቦ ማስቋጠር እንዲፈቅድ በፌዴራል ፍርድ ቤት ታዝዞ ነበርና ኮንግረሱ ቶሎ መልስ ሰጠ። የ1973ቱ ፍርድ በ2022 ቢሻርም ይህ ሕግ እንደጸና ነው። ዋና ቃሉ እንዲህ ነው፦ በሕጉ የተጠቀሰውን የፌዴራል ገንዘብ የተቀበለ ተቋም አንድን ሐኪም ወይም ሌላ የጤና ሠራተኛ በማምከን ወይም በፅንስ ማቋረጥ ስላልተሳተፈ ቅጥርና ዕድገት ሊከለክለው ወይም ሊያባርረው አይችልም። ምክንያቱ ሃይማኖት መሆን ግድ የለውም፤ የሥነ ምግባር እምነትም ይበቃል።

በ1996 የመጣው የኮትስና ስኖው ማሻሻያ የሚመለከተው በተለይ ሥልጠናን ነው። የመንግሥት አካል ፅንስ ማቋረጥን አልሠለጥንም ወይም አላሠለጥንም ያለን ሐኪም፣ ሬዚደንት ወይም የሥልጠና ተቋም እንዳያገልል ይከለክላል። የዌልደን ማሻሻያ ከ2004 ጀምሮ በየዓመቱ በበጀት ሕጉ ውስጥ ይገባል። እሱ የሚያስረው ፌዴራል መንግሥቱን፣ ስቴቶችንና የአካባቢ አስተዳደሮችን ነው፤ ለፅንስ ማቋረጥ አልከፍልም፣ ታካሚም ወደዚያ አልልክም ያለን ተቋም ወይም ባለሙያ ማግለል አይችሉም። በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 1553 ሕይወት በማሳጠር አልተባበርም ያለን ይከልላል።

እነዚህን ሕጎች የሚያስፈጽመው የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ ነው። የአሠራር ደንቡ በ2008 ወጣ፣ በ2011 አብዛኛው ተሻረ፣ በ2019 ሰፍቶ ተመለሰ፣ ሥራ ሳይጀምር በፍርድ ቤት ወደቀ፣ በ2024 ጥር እንደገና ወጥቶ ከመጋቢት 11 ቀን 2024 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥር ደንቡ ቢቀያየርም ኮንግረሱ ያወጣቸው ሕጎች ግን አልተነኩም። በኢንተርኔት የሚያነቡት ጽሑፍ ስለ “2019ኙ ደንብ” የሚያወራ ከሆነ ጊዜው ያለፈበት ነው።

የእኔ መሥሪያ ቤት በቸርች ሕግ መገደዱን በምን አውቃለሁ?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። “ሆስፒታሉ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ስለሚቀበል ተገዳጅ ነው” ማለት ብቻውን አይበቃም። ስለ ቅጥርና ስንብት የሚናገረው የሕጉ ክፍል የተንጠለጠለው በሕዝብ ጤና አገልግሎት ሕግና በተመሳሳይ ሕጎች በሚሰጥ ድጎማ፣ ውል ወይም ብድር ላይ ነው። ሜዲኬርና የዝቅተኛ ገቢ መድኑ ሜዲኬይድ የሚመነጩት ከሌላ ሕግ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ሕጉ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎችና የማኅበረሰብ ጤና ማዕከሎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ድጎማ አላቸው። ትንሽ የግል ክሊኒክ ወይም የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲ ላይኖረው ይችላል። የሕጉ ሌላ ክፍል፣ የጤና መሥሪያ ቤቱ በሚያስተዳድረው ፕሮግራም ገንዘብ የሚካሄድን ማንኛውንም የጤና አገልግሎት ፕሮግራም የሚጠቅስ ሰፋ ያለ ቃል አለው፤ ስፋቱ ግን ገና በፍርድ ቤት አልለየለትም።

ማን ከየት ገንዘብ እንደሚቀበል የፌዴራል መንግሥት የወጪ ድረ ገጽ ላይ በተቋሙ ስም ፈልጎ ማየት ይቻላል። ካልተገኘ ወይም ካልገባዎት አይጨነቁ፤ አቤቱታ ሲቀርብ ይህን የሚያጣራው ቢሮው ነው።

የሥራ ሕጉስ ምን ይጨምርልኛል?

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 7 ሠራተኛ ቁጥራቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ አሠሪዎችን ያስገድዳል። ቅጥረኛው የሃይማኖት ምክንያት ሲያቀርብ አሠሪው “ከባድ ጫና” ካልሆነበት በቀር ማመቻቸት አለበት። “ከባድ ጫና” ምን ማለት እንደሆነ በ2023 ተቀይሯል። ከ1977 ጀምሮ ከጥቂት በላይ ወጪ ከኖረ አሠሪው ያመልጥ ነበር። በሰኔ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ያለ የፖስታ ሠራተኛ ባቀረበው ጉዳይ፣ አሠሪው ከሥራው ባሕርይ አንጻር ጉልህ የሆነ ተጨማሪ ወጪ እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት ብሎ ወሰነ። ከዚያ በፊት “አይቻልም” የተባሉ ሰዎች ዛሬ እንደገና ቢጠይቁ መልሱ ሊለይ ይችላል።

ይህ ሕግ ከቸርች ሕግ በሦስት ነገር ይለያል። በፅንስና በማምከን ብቻ አይወሰንም። በገንዘብ ምንጭ ላይ አይንጠለጠልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ራስዎ ፍርድ ቤት መሄድ ያስችልዎታል። እምነቱ የሲኖዶስ ወይም የመጅሊስ ውሳኔ መሆን የለበትም፤ ከልብ የተያዘ የግል እምነትም ይቆጠራል። የቄስ ወይም የኢማም ደብዳቤ ሕጉ አያስገድድም፣ ቢኖር ግን አይጎዳም። የመኖሪያ ፈቃድዎ ዓይነትም ከለላውን አይቀንስም።

እምቢታዬን መቼና እንዴት ላሳውቅ?

በተቻለ መጠን ከመቀጠርዎ በፊት ወይም ወደ አዲስ ክፍል ከመዛወርዎ በፊት። የማዋለጃ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የቀዶ ሕክምና ማገገሚያና የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሎች ጥያቄው በብዛት የሚነሣባቸው ናቸው። የሥራ መደቡን ዝርዝር ሳይፈርሙ ያንብቡት። ሥራው በሙሉ የማይቀበሉት ድርጊት ከሆነ ሕጉ ብዙ አይረዳዎትም፤ ከአሥር ሥራ አንዱ ከሆነ ግን ማመቻቸት ቀላል ነው።

በቃል ለቻርጅ ነርሷ (ለሺፍቱ ኃላፊ ነርስ) መንገር አይበቃም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው ነው፤ እንዲያውም በሁለት ስቴቶች ጽሑፉ ራሱ የመብቱ መነሻ ነው። ቨርጂኒያ ከፅንስ ማቋረጥ ነጻ የምታደርገው ተቃውሞውን በጽሑፍ የገለጸን ሰው ነው። ካሊፎርኒያም ለአሠሪው የጽሑፍ መግለጫ ያስገባን ሠራተኛ ነው የምትከልለው። በአርሊንግተን ወይም በአሌክሳንድሪያ ሆስፒታል የሚሠራ ሰው “እኮ ነግሬያቸው ነበር” ቢል በስቴቱ ሕግ ጎዶሎ ነው።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። በእንግሊዝኛ ይጻፉት፣ ይዘቱም እንዲህ ይሁን፦

ቀን፣ ስም፣ የሥራ መደብና ክፍል። ቀጥሎ የማይሠሩት ድርጊት በትክክለኛ ስሙ፦ “ፅንስ ለማቋረጥ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና አልሳተፍም፤ ለዚሁ ዓላማ የታዘዘ መድኃኒትም አልሰጥም።” ከዚያ የሚሠሩት፦ “ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለታካሚዋ ማንኛውንም እንክብካቤ እሰጣለሁ፤ ደም ከፈሰሳት፣ ኢንፌክሽን ከያዛት አክማለሁ።” የእምነቱ ምክንያት በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር። የመፍትሔ ሐሳብ፦ ከማን ጋር ተራ መቀያየር እንደሚቻል፣ ወደ የትኛው ክፍል መዛወር እንደሚቀበሉ። በመጨረሻ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ለቅርብ አለቃና ለሰው ኃይል ክፍሉ በኢሜይል ይላኩ፤ ቅጂውን በግል አድራሻዎ ያስቀምጡ፣ የታካሚ ስም ግን በውስጡ እንዳይኖር።

“ሃይማኖቴን የሚቃረን ማንኛውንም ነገር አልሠራም” ብሎ መጻፍ ደብዳቤውን ከንቱ ያደርገዋል። አለቃው የትኛውን ሺፍት ከማን ጋር እንደሚያለዋውጥ ከዚህ ሊያውቅ አይችልም። ሌላው ስሕተት ቃላት ላይ ነው። በአማርኛ “ውርጃ” የምንለው በራሱ የመጣውንም ሆን ተብሎ የተደረገውንም ነው፤ በእንግሊዝኛው የሕክምና መዝገብም የጨነገፈ ፅንስ በዚያው በማቋረጥ ቃል፣ “በራሱ የመጣ” ከሚል ቅጽል ጋር ይጻፋል። መዝገቡን በጨረፍታ አይተው እምቢ ያሉ፣ ፅንሱ ቀድሞ የሞተባትን እናት አላክምም ማለታቸው ይሆናል። የካሊፎርኒያ ሕግ በራሱ የመጣ ውርጃንና ድንገተኛ ሁኔታን ከከለላው ውጪ ያደርጋል። መዝገቡን ሙሉ ያንብቡ፣ ካልገባዎት ይጠይቁ።

ሕይወቷ አደጋ ላይ ያለ ታካሚ ብትመጣስ?

ከ1986 ጀምሮ ያለው፣ በአጭር ስሙ ኤምታላ የሚባለው ሕግ ሜዲኬር የሚቀበል ሆስፒታል በድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው ሁሉ እንዲመረምርና እንዲያረጋጋ ያስገድዳል። ግዴታው በዋናነት የሆስፒታሉ ነው። መንግሥት በ2024 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት፣ ኤምታላ የግለሰብ ሐኪምን የሕሊና ከለላ እንደማይሽር ተናግሯል፤ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሚፌፕሪስቶን በሚባለው ፅንስ ማቋረጫ መድኃኒት ጉዳይ በሰጠው በአንድ ድምፅ የጸደቀ ውሳኔ ይህንን ተቀብሎ ጽፏል።

ይህን አንብቦ በድንገተኛ ሰዓት እጅ ማጣጠፍ ግን አደገኛ ነው። በ2000 መቀመጫው ፊላደልፊያ የሆነው የሦስተኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነውን ይመልከቱ። በኒው ጀርሲ የመንግሥት ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበረች፣ የጴንጤቆስጤ እምነት ተከታይ። በ1994 የእንሽርት ውኃዋ ለፈሰሰ፣ በ1995 ደግሞ የእንግዴ ልጁ የማህፀን አፍ ዘግቶ ደም ለሚፈሳት ታካሚ በሚደረገው ሂደት አልረዳም አለች። በሁለተኛው ጊዜ ሂደቱ ለ30 ደቂቃ ያህል ዘገየ። ሆስፒታሉ ወደ አራስ ሕፃናት የጽኑ ሕክምና ክፍል እንድትዛወር ጠየቃት፤ አልተቀበለችም። ሌላ ክፍት ቦታ ለመፈለግ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር እንድትነጋገር ጋበዛት፤ አልሄደችም። ተሰናበተች፣ ከሰሰች፣ ተረታች። ያሸነፋት በድንገተኛው ሰዓት እምቢ ማለቷ ብቻ አይደለም። የቀረበላትን መፍትሔ መግፋቷ ነው።

ስለዚህ በዚያ ሰዓት የሚደረገው ይህ ነው፦ ወዲያው ቻርጅ ነርሷን ወይም ሱፐርቫይዘሩን ይጥሩ፤ “የጽሑፍ መግለጫ አለኝ፣ ተኪ ያስፈልጋል” ይበሉ፤ ተኪው እስኪመጣ የደም ግፊት መለካት፣ ደም ሥር መክፈት፣ ኦክስጅን መስጠት አያቋርጡ፤ ሲመጣ በሥርዓት ያስረክቡ። የተረከቡትን ታካሚ ሳያስረክቡ መውጣት በነርሲንግ ቦርድ ፊት ታካሚን ጥሎ መሄድ ይባላል። ያ ላይሰንስን የሚነካ ክስ ነው፤ ፌዴራል የሕሊና ሕግ እዚያ ብዙ አያድንም።

“መሳተፍ” እስከ የት ነው? ቀጠሮ መያዝስ? ማስተርጎምስ?

ሕጉ “መፈጸም ወይም በመፈጸሙ ማገዝ” ይላል፤ ማገዝን ግን አልተረጎመውም። የ2019ኙ ደንብ ቀጠሮ መያዝን ሳይቀር ለማካተት ሞክሮ በፍርድ ቤት ወደቀ፤ የ2024ቱ ምንም ትርጉም ሳይሰጥ አለፈው። በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ መቆምና ለዚያው መድኃኒት መስጠት ውስጥ መሆናቸው አያጠራጥርም። አልጋ መቀየር፣ ምግብ ማቅረብ፣ ወለል ማጽዳት ውጪ እንደሚሆኑ እንገምታለን። በመካከል ያለው፣ ለምሳሌ መሣሪያ ማዘጋጀት ወይም የስምምነት ፎርም ማስፈረም፣ ክርክር ያለበት ነው። ለመካከሉ የሚሻለው በምዕራፍ 7 ማመቻቸትን መጠየቅ ነው፤ እዚያ የቃሉ ትርጉም ያን ያህል አያጨቃጭቅም።

የሕክምና አስተርጓሚዎች ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ። ማስተርጎም በቸርች ሕግ “ማገዝ” ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። የሙያ ሥነ ምግባሩ ግን መንገዱን ያሳያል፦ ከመጀመሩ በፊት ራስን ማግለል ይቻላል፣ ከተጀመረ በኋላ ቃል መቀነስ ወይም መጨመር ፈጽሞ አይቻልም። ሐኪሙ ሦስት አማራጭ ሲዘረዝር ሦስተኛውን “ረስቶ” ያለፈ አስተርጓሚ ሕሊናውን አልጠበቀም፣ ታካሚዋን አታልሏል። ለኤጀንሲው የማይቀበሉትን የቀጠሮ ዓይነት አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ። በስልክ የሚያስተረጉሙ ከሆነ ርዕሱ እንደታወቀ “ሌላ አስተርጓሚ ያስፈልግዎታል” ብለው ወዲያው ያስተላልፉ።

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ማዘዣ መመለስ እችላለሁ?

እዚህ የስቴቱ ሕግ ከፌዴራሉ ይበልጥ ይወስናል። በካሊፎርኒያ ፋርማሲስት እምቢ ማለት የሚችለው የመድኃኒቱን ዓይነት አስቀድሞ ለአሠሪው በጽሑፍ ካሳወቀና አሠሪው ታካሚዋ መድኃኒቱን በወቅቱ የምታገኝበትን መንገድ ማዘጋጀት ከቻለ ነው። በዋሽንግተን ስቴት በ2007 የወጣው ደንብ ግዴታውን በፋርማሲው ላይ ይጥላል። ፋርማሲስቱ ሊገለል ይችላል፣ ፋርማሲው ግን ሌላ ባልደረባ አቁሞ መድኃኒቱን ማስረከብ አለበት። የዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 ደንቡን አጸናው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2016 ጉዳዩን ሳይቀበለው ቀረ። በሲያትል ብቻውን የሌሊት ሺፍት የሚይዝ ፋርማሲስት ይህን አስቀድሞ ከአሠሪው ጋር ካልተነጋገረበት ችግር ይጠብቀዋል።

በየትኛውም ስቴት የማይሠራው ነገር ደንበኛውን አንጠልጥሎ መተው ነው። በዊስኮንሲን አንድ ፋርማሲስት የወሊድ መከላከያ እንዳይሰጥ አሠሪው አመቻችቶለት ሌሎች ባልደረቦች ሊሠሩለት ተስማምተው ነበር። እሱ ግን የሚደውሉትን መስመር ላይ አቆይቶ ይተዋቸው፣ በመስኮት የመጡትንም ለማንም ሳይናገር ጥሏቸው ይሄድ ነበር። የሰባተኛው ምድብ ፍርድ ቤት በ2007 ለአሠሪው ፈረደ። ማዘዣውን ለባልደረባ ማቀበልን እንኳ የማይቀበል እምነት በፋርማሲ ውስጥ ለማመቻቸት እጅግ ከባድ ነው።

መድኃኒቱን በስሙ ብቻ አይፍረዱ። ሚሶፕሮስቶል ለጨጓራ ቁስለትና ለጨነገፈ ፅንስ ይታዘዛል፤ ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም። ድንገተኛው የወሊድ መከላከያ ክኒን ፅንስ የሚያቋርጥ የሚመስላቸው አሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በታኅሣሥ 2022 የክኒኑን መግለጫ ሲያስተካክል እንቁላል እንዳይወጣ በማዘግየት እንደሚሠራ፣ የተጣበቀ ፅንስንም እንደማያቋርጥ አስፍሯል። ሚፌፕሪስቶን የተለየ ነው፤ ከጥር 2023 ጀምሮ ከፋርማሲዎች ሰርተፊኬት ያወጡት ብቻ ይሰጡታል። ፋርማሲዎ ሰርተፊኬት ከሌለው ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሣም።

ሜሪላንድ ነው የምሠራው፤ ስቴቱ የራሱ ሕግ አለው?

አለው፣ ከብዙዎች የሰፋ ነው። የሜሪላንድ የጤና ሕግ አንቀጽ 20-214 ማንም ሰው በሰው ሠራሽ ማስረገዝ፣ በማምከንና በፅንስ ማቋረጥ እንዲሳተፍ ወይም ታካሚን ወደዚያ እንዲልክ እንደማይገደድ ይናገራል። ልብ ይበሉ፣ ሪፈራል መጻፍም በስም ተጠቅሷል። አንድ ገደብ ግን አለ። አለመላክዎ ለሞት ወይም ለከባድ የአካል ጉዳት ምክንያት ከሆነና ከሕክምና ደረጃው ውጪ ከሆነ ከተጠያቂነት አያመልጡም።

ሆስፒስ ወይም ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሕይወት ማሳጠር ቢጠየቅስ?

በሽተኛው በሐኪም የታዘዘለትን ገዳይ መድኃኒት ራሱ እንዲወስድ የሚፈቅዱ ስቴቶች አሉ፤ ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ካሊፎርኒያና ኮሎራዶ ከነዚህ ውስጥ ናቸው፣ ዋሽንግተን ዲሲም ከ2017 ጀምሮ። በነዚህ ሁሉ የባለሙያው ተሳትፎ በፈቃደኝነት ነው። የ2010ሩ ሕግ አንቀጽ 1553ም ይጨመርበታል። ከዚህ ጋር የማይምታታው የመተንፈሻ ማሽን ማንሣት፣ “ልብ ሲቆም አትቀስቅሱኝ” የሚል የታካሚ ትእዛዝና ለሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ነው። እነዚህ በሕግ ሕይወት ማሳጠር አይባሉም። አንቀጽ 1553 ራሱ ሕክምና ማቆምንና ሕመም ማስታገሻን ለይቶ ያስወጣል። የታካሚውን ትእዛዝ ጥሶ ደረት መጫን የሕሊና ነጻነት ሳይሆን የታካሚ መብት ጥሰት ነው። ካልተስማማዎት አስቀድመው በሌላ ሠራተኛ እንዲተኩ ይጠይቁ።

ኤች አይ ቪ ያለበትን ወይም አኗኗሩን የማልቀበለውን ሰው አላክምም ማለትስ?

አይቻልም። በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይን ቫይረሱ ያለባትን ታካሚ ጥርስ በክሊኒኩ አልሞላም ባለ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ የቫይረሱ ተሸካሚዎች በአካል ጉዳተኞች ሕግ እንደሚጠበቁ ወስኗል።

የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤቴ ያስገድደኝ ይሆን?

የቸርች ሕግ በ1979 በተጨመረለት ክፍል፣ በጠቀሰው የፌዴራል ገንዘብ የሚረዳ ትምህርት ቤት አመልካችን በፅንስ ማቋረጥ ወይም በማምከን ለመሳተፍ ፈቃደኛ ባለመሆኑ ከመግባት ሊከለክለው አይችልም። የተግባር ልምምድ ቦታ ከመመደቡ በፊት ለአስተባባሪው ይጻፉ። ስለ ጉዳዩ ማንበብና መፈተን ግን አይቀርም።

የጉንፋን ክትባትና የበዓል ዕረፍትስ?

እነዚህ የሕሊና ሕጎቹ አይመለከቷቸውም። ሁለቱም በምዕራፍ 7 የሚጠየቁ ማመቻቸቶች ናቸው። ለገና ጥር 7 ቀን፣ ለፋሲካ፣ ለኢድ ዕረፍት የሚፈልግ ሰው የሺፍት ልውውጥ ራሱ አግኝቶ ቢያቀርብ ጥያቄው በእጅጉ ይቀላል።

ኢትዮጵያ ስሠለጥን የተማርኩት እዚህ ይሠራል?

ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. 299/2013 ተብሎ የሚታወቀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የጤና ባለሙያ የወሊድ መከላከያን፣ ሕጋዊ ፅንስ ማቋረጥንና ደም መስጠትን የመሰሉ አገልግሎቶችን በግል እምነቱ ምክንያት መከልከል እንደማይችል ይደነግጋል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሠርተው የመጡ ባለሙያዎች “እምቢ ማለት ወንጀል ነው” ብለው ዝም የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ልማድ ይመስለናል። ተመልሰው አገር ቤት ለመሥራት የሚያስቡም የአሜሪካውን ከለላ ይዘው አይሄዱም።

አገልግሎቱን መስጠት የምፈልገው እኔ፣ የማይፈቅደው ሆስፒታሉ ቢሆንስ?

የቸርች ሕግ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሕጋዊ ፅንስ ማቋረጥ ወይም ማምከን በሌላ ቦታ በመሥራትዎ፣ ወይም ትክክል ነው ብለው በማመንዎ ገንዘቡን የተቀበለው ተቋም ሊያባርርዎ ወይም በተቋሙ ውስጥ ታካሚ የማከም ፈቃድዎን ሊነሣዎ አይችልም። ሆኖም የካቶሊክ ሆስፒታል በራሱ ክፍል ውስጥ እንዲሠሩት አይገደድም።

ቢቀጡኝ ወይም ቢያባርሩኝ የት ልሂድ?

በመጀመሪያ ቀን ቆጠራውን ይያዙ። ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን (1-800-669-4000) አቤቱታ የሚቀርበው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ስቴቱ ተመሳሳይ ሕግና አስፈጻሚ ካለው እስከ 300 ቀን። በፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ለምሳሌ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የሚሠሩ ከሆነ ግን የመሥሪያ ቤቱን የእኩልነት አማካሪ ለማነጋገር ያለዎት 45 ቀን ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚህች ነው። ኮሚሽኑ የመክሰስ ፈቃድ ደብዳቤ ከሰጠዎት በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን አለዎት። ዩኒየን ካለ የቅሬታ ጊዜው ከነዚህ ሁሉ ሊያጥር ስለሚችል በዚያው ሳምንት ተወካይዎን ያናግሩ።

በቸርችና በመሰሎቹ ሕጎች የሚቀርብ አቤቱታ ወደ ሲቪል መብቶች ቢሮው (1-800-368-1019) ይሄዳል፤ በድረ ገጹ ወይም በፖስታ ማስገባት ይቻላል፣ የቋንቋ እርዳታም በነጻ ይሰጣል። ሁለቱንም ማስገባት ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም፣ የአንዱም ቀን መቁጠር ሌላውን አያቆምም።

ከቢሮው ምን መጠበቅ እንዳለብዎ ግልጽ ይሁን። የቸርች ሕግ ለግለሰብ የመክሰስ መብት እንደማይሰጥ የሁለተኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2010 በአንዲት የኒው ዮርክ ነርስ ጉዳይ ወስኗል። ይህ ማለት ቢሮው ይመረምራል፣ ተቋሙን ያስተካክላል፣ ካልሆነም ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ይመራል እንጂ ካሣ አስቆርጦ አይሰጥዎትም። አካሄዱም ከፖለቲካው ጋር ይወዛወዛል። በነሐሴ 2019 ቢሮው አንድ የቨርሞንት ሆስፒታል አንዲትን ነርስ በፅንስ ማቋረጥ እንድትሳተፍ አስገድዷል አለ፤ በታኅሣሥ 2020 መንግሥት ከሰሰ፤ አስተዳደሩ ከተለወጠ በኋላ በሐምሌ 2021 ክሱን ራሱ አነሣ። የግል ካሣ የሚፈልግ ሰው መንገዱ ምዕራፍ 7 ወይም የስቴቱ ሕግ ነው።

ለጠበቃ ሲቀርቡ የሚይዙት፦ ያስገቡት ደብዳቤና ኢሜይል፣ የተሰጠዎት መልስ፣ የሺፍት ሰሌዳ፣ የማስጠንቀቂያ ወይም የስንብት ወረቀት፣ የሠራተኛ መመሪያ መጽሐፉ፣ ማን ምን እንዳለ ከነቀኑ የተጻፈ ማስታወሻ። የታካሚ መዝገብ አትመው ወይም ፎቶ አንሥተው አይውሰዱ። የታካሚ ምስጢር ሕጉን መጣስ ራሱ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት ይሆናል፤ ጥሩ ክስ የነበራቸው ሰዎች በዚህ ያጡታል።

የኤጀንሲ ነርስ ነኝ፤ ለማን ነው የምነግረው?

ለሁለቱም። ኤጀንሲውም የሚሠሩበት ተቋምም በሥራ ሕጉ ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ደብዳቤው ለአንዱ ብቻ ከሄደ ሌላው “አልሰማሁም” ይላል። በየ13 ሳምንቱ ውል የሚቀያይሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ አዲስ ተቋም ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ሺፍት በፊት እንደገና ይላኩ።